ዋረን ጆንሰን

ዋረን ሲሞር ጆንሰን (ኖቬምበር 6 ቀን 1847 – ዲሴምበር 5 ቀን 1911 እ.ኤ.አ.) አሜሪካዊ መምህርና የፈጠራ ሰው ነበር። ይበልጥ የሚታወቀው በሁለት ሥራዎቹ ነው። አንደኛው በክፍል ግድግዳ ላይ የሚተከለው የኤሌክትሪክ ቴርሞስታት ሲሆን፣ ሁለተኛው በአንድ ምድጃ የሚሞቅ ሕንፃ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ክፍል የራሱን ሙቀት እንዲጠብቅ የሚያደርገው የራዲያተር ቫልቭ መቆጣጠሪያ ነው። በ1885 በሚልዋኪ ከተማ የተቋቋመው ድርጅቱ ዛሬ ጆንሰን ኮንትሮልስ ይባላል። በዚህ ጽሑፍ ውስጥ ያሉት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ልጅነትና ወጣትነት

ጆንሰን የተወለደው በሰሜን ምሥራቅ አሜሪካ፣ በቨርሞንት ግዛት፣ ሌስተር በምትባል ትንሽ የገጠር ከተማ ነው። ገና ልጅ ሳለ ቤተሰቡ ወደ ምዕራብ ተጉዞ በዊስኮንሲን ግዛት ሰፈረ። ዊስኮንሲን ክረምቱ የከፋ አገር ነው፤ በጥርና በየካቲት የሌሊቱ ብርድ ከዜሮ በታች 20 ዲግሪ ሴንቲግሬድ መውረዱ የተለመደ ነው። የጆንሰንን ሥራ ለመረዳት ይህን ማስታወስ ይጠቅማል።

አብዛኛውን ዕውቀቱን ያገኘው በራሱ ንባብ ነው። በወጣትነቱ በማተሚያ ቤት ሠርቷል፣ መሬት ለክቷል፣ አስተምሯል፣ ቀጥሎም የትምህርት ቤቶች የበላይ ተቆጣጣሪ ሆኗል። በ1876 በኋይትዎተር ከተማ በሚገኘው የመምህራን ማሠልጠኛ ትምህርት ቤት ተቀጠረ። ይህ ትምህርት ቤት ዛሬ የዊስኮንሲን ዩኒቨርሲቲ የኋይትዎተር ቅርንጫፍ ሆኗል። ጆንሰን በዚያ የተፈጥሮ ሳይንስን ከሥዕልና ከቁም ጽሕፈት ጋር ያስተምር ነበር። በትርፍ ጊዜው ደግሞ ባትሪና ሽቦ ይዞ ሙከራ ላይ ይውል ነበር።

የክፍሉ ሙቀት ችግር

ለኢትዮጵያዊ አንባቢ ነገሩ ጥቂት ማብራሪያ ይፈልጋል። በደቡብ ጎንደር እንደ መካነ ኢየሱስ ባሉ ከፍ ያሉ ቦታዎች ምሽቱ ብርዳም ቢሆንም፣ በባህላዊው ቤት ምድጃው ያለው ሰው በሚኖርበት ክፍል ውስጥ ነው። የበረደው ሰው ወደ እሳቱ ይጠጋል፣ የሞቀው ደግሞ ፈቀቅ ይላል። ሙቀቱን የሚያስተካክለው ሰውየው ራሱ በመንቀሳቀሱ ነው። እሳቱም የሚጨመርለት ሰው ሲያየው ነው።

በጆንሰን ዘመን የነበሩት ትልልቅ የአሜሪካ ሕንፃዎች ግን እሳቱን ከሰው አርቀውት ነበር። ምድጃው የሚነደው በምድር ቤት ነው። ከዚያ የሚነሣው ሙቅ አየር ወይም እንፋሎት በቱቦ እየተጓዘ ወደ ክፍሎቹ ይደርሳል። እንፋሎት ሲሆን በየክፍሉ በተተከለ የብረት ራዲያተር ውስጥ ያልፋል። ይህ ማዕከላዊ ማሞቂያ ይባላል። ጭሱንና አመዱን ከመማሪያ ክፍል ያስወጣ ጥሩ ዘዴ ነበር፤ ሆኖም አዲስ ችግር ይዞ መጣ። እሳቱን የሚጠብቀው ሰው ክፍሉ ምን ያህል እንደሞቀ አያውቅም፤ በክፍሉ የተቀመጠው ሰው ደግሞ እሳቱ ላይ ሥልጣን የለውም።

በኋይትዎተር ለዚህ የተገኘው መላ አንድ ሠራተኛ በየሰዓቱ በየክፍሉ እየዞረ ቴርሞሜትር እንዲያነብ ማድረግ ነበር። ሠራተኛው በትምህርት መሐል በር ከፍቶ ይገባል፣ ቁጥሩን ያያል፣ ይወጣል፤ ከዚያ ምድር ቤት ወርዶ የሙቀቱን መተላለፊያ ከፈት ወይም ዘጋ ያደርጋል። ለውጡ ክፍሉ ድረስ እስኪመጣ ጊዜ ይወስዳል። አንዱ ክፍል ሲያልበው ሌላው እየተንቀጠቀጠ ይማራል። ጆንሰን በተለይ የሰለቸው ትምህርቱ መቋረጡ ነበር። ተማሪዎቹ ሲበርዳቸው እንደማያዳምጡም በየቀኑ ያየዋል።

የ1883ቱ መሣሪያ

ሙቀትን በራሱ የሚጠብቅ መሣሪያ የማበጀት ሐሳብ በጆንሰን አልተጀመረም። በ17ኛው መቶ ዘመን ኔዘርላንዳዊው ኮርኔሊስ ድሬበል ሙቀቱን በራሱ የሚያስተካክል ምድጃና የእንቁላል መፈልፈያ ሠርቶ ነበር። በ1830 ደግሞ ስኮትላንዳዊው ኬሚስት አንድሩ ዩር ሁለት የተለያዩ ብረቶችን በማጣበቅ የሚሠራ መቆጣጠሪያ ፈጥሮ የፈጠራ መብት (ፓተንት) አውጥቶበታል። ቴርሞስታት የሚለውን ስያሜም ያወጣው እሱ ነው። ስለዚህ ጆንሰንን የቴርሞስታት ፈጣሪ ብሎ በደፈናው መጥራት ልክ አይደለም።

የሁለቱ ብረቶች አሠራር ቀላል ነው። ለምሳሌ ናስና ብረት ሲሞቁ እኩል አይለጠጡም፤ ናስ ይበልጣል። ሁለቱ ቀጫጭን ሆነው ጀርባ ለጀርባ ከተጣበቁ፣ ሙቀት ሲነካቸው ናሱ መርዘም ሲፈልግ ብረቱ ስለሚይዘው አንድ ላይ ይጎብጣሉ። ሲቀዘቅዙ ተመልሰው ይቃናሉ። ልብስ ስንተኩስ ካውያው በየመሐሉ ቀጭ ብሎ የሚጠፋውና መልሶ የሚበራው በውስጡ ያለው እንዲህ ያለ ዝርግ ሲጎብጥና ሲቃና ነው።

ጆንሰን ያደረገው ይህን ዝርግ ከኤሌክትሪክ ሽቦ ጋር ማገናኘት ነው። ዝርጉ በክፍሉ ግድግዳ ላይ ይቀመጣል። ሙቀቱ ከተፈለገው ሲያልፍ ወይም ሲጎድል ዝርጉ ተንቀሳቅሶ የኤሌክትሪኩን መስመር ያገናኛል፤ ይህን ጊዜ ምድር ቤት ያለው ደወል ይጮኻል። የምድጃው ሠራተኛ ደወሉን ሰምቶ መተላለፊያውን ያስተካክላል። ጆንሰን ለዚህ መሣሪያ በጁላይ 1883 ፓተንት አገኘ። መሣሪያውንም የኤሌክትሪክ ቴሌ-ቴርሞስኮፕ አለው፤ ሙቀትን ከሩቅ የሚያሳይ ማለት ነው።

ስሙ መሣሪያው እስከ የት እንደሚሄድ በትክክል ይናገራል። የሚያሳይ እንጂ የሚያደርግ አልነበረም። ዛሬ ኮምፒውተር የሚማር ሰው ቢጠየቅ ሴንሰር አለው፣ ፈጻሚው ክፍል ግን ገና ሰው ነው ይል ነበር። ቢሆንም አንድ ትልቅ ነገር ተለውጧል፤ ልኬቱ የሚወሰደው ሙቀቱ በሚመረትበት ቦታ ሳይሆን ሰው በሚቀመጥበት ክፍል ውስጥ ነው፤ ማንም በር ከፍቶ አይገባም። የጆንሰን የኋላ ሥራ ሁሉ የተገነባው በዚህ ላይ ነው።

ወደ ሚልዋኪ

ፓተንት ብቻውን ፋብሪካ አይሆንም። ጆንሰን ገንዘብ ያገኘው ከዊልያም ፕላንኪንተን ነው። ፕላንኪንተን በሚልዋኪ በሥጋ ማሸግ ንግድ ከበለጸገ ቤተሰብ የተወለደ ሰው ነበር። ጆንሰን መምህርነቱን ትቶ ወደ ሚልዋኪ ሄደ፤ ሰዎች ግን ፕሮፌሰር ብለው መጥራታቸውን አልተዉም። በሜይ 1885 ጆንሰን ኤሌክትሪክ ሰርቪስ ኩባንያ ተመሠረተ። ይህም አዲስ አበባ ከመቆርቆሯ አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቀደም ብሎ ነው። በኩባንያው ገንዘቡና አስተዳደሩ በአብዛኛው የፕላንኪንተን ሲሆን፣ ጆንሰን በፈጠራው ሥራ ላይ ያተኩር ነበር። ፕሬዚዳንት የሆነው በ1901 ሲሆን እስኪሞትም በዚያው ቦታ ቆይቷል።

የ1895ቱ ፓተንት

ደወሉ ሲጮህ የሚነሣ ሰው ከሌለ መሣሪያው ዋጋ የለውም። ትምህርት ቤቱ 20 ክፍሎች ቢኖሩትና ደወሎቹ ተራ በተራ ቢጮሁ ደግሞ አንድ ሰው አይበቃቸውም። ስለዚህ ቀጣዩ እርምጃ ሠራተኛውን ከመሐል ማውጣትና ቴርሞስታቱ ራሱ ራዲያተሩን እንዲከፍትና እንዲዘጋ ማድረግ ነበር።

ይህን ለማድረግ ጉልበት ያስፈልጋል። የእንፋሎት ቫልቭ ከባድ ነው፤ ቀጭኗ ዝርግ ልትገፋው አትችልም። ጆንሰን ለዚህ የመረጠው የታመቀ አየር ነው። ምድር ቤት ያለ መጭመቂያ አየሩን አምቆ በቀጫጭን ቱቦዎች ወደ እያንዳንዱ ክፍል ይልካል። በቴርሞስታቱ ውስጥ አየሩ የሚተነፍስባት እጅግ ጠባብ ቀዳዳ አለች፤ ሁለት ብረት ያለው ዝርግ ከፊቷ ይቆማል። ክፍሉ ሲሞቅ ዝርጉ ጎብጦ ቀዳዳዋን ይደፍናል። መውጫ ያጣው አየር ግፊቱ ይጨምርና ራዲያተሩ ላይ ያለውን የላስቲክ ሽፋን ይነፋዋል፤ ሽፋኑ ሲነፋ ቫልቩን ይጫነውና እንፋሎቱ ይቆማል። ክፍሉ ሲቀዘቅዝ ዝርጉ ይመለሳል፣ ቀዳዳዋ ትከፈታለች፣ አየሩ ይተነፍሳል፣ ምንጭ ብረት (ስፕሪንግ) ቫልቩን መልሶ ይከፍተዋል።

ትንሽ ጉልበት ትልቅ ጉልበትን የምታዝበት ይህ አሠራር በዚህ ጽሑፍ አቅራቢ ግምት የጆንሰን ምርጥ ሥራ ነው። ዝርጉ የሚሠራው ቀዳዳ መድፈን ብቻ ነው፤ ሸክሙን የሚሸከመው አየሩ ነው። ከመቶ ዓመት በኋላ እንኳ በብዙ ትልልቅ ሕንፃዎች የአየር ቱቦዎቹ ከነቴርሞስታታቸው ይሠሩ ነበር።

የዚህ ሥርዓት ፓተንት የተሰጠው በጁላይ 1895፣ ማለትም ከዐድዋ ጦርነት ስምንት ወር ገደማ ቀደም ብሎ ነው። ፋይዳው ሕንፃው በዞን መከፈሉ ላይ ነው። ፀሐይ የሚያገኘው ደቡባዊ ክፍል ራሱን ዘግቶ ይቀመጣል፤ ነፋስ የሚመታው ሰሜናዊ ክፍል ደግሞ የሚያስፈልገውን ይወስዳል። የአንዱ መሞቅ የሌላውን መብረድ አያስከትልም፤ የድንጋይ ከሰሉም ፍጆታ ይቀንሳል። ድርጅቱ ሥርዓቱን በአሜሪካ የምክር ቤት ሕንፃ (ካፒቶል)፣ በኒውዮርክ የአክሲዮን ገበያና በዌስት ፖይንት የጦር ትምህርት ቤት ተክሏል። የአሜሪካ የመካኒካል መሐንዲሶች ማኅበርም በኋላ ይህን የጆንሰን ሥርዓት ከታሪካዊ የምህንድስና ቅርሶች ተርታ መዝግቦታል።

ሌሎች ሥራዎች

ጆንሰን ከ50 በላይ ፓተንቶች ያገኘ ሲሆን ብዙዎቹ ከማሞቂያ ጋር አይገናኙም። የታመቀውን አየር ወደ ሰዓት አዞረው። የሚልዋኪንና የፊላደልፊያን ማዘጋጃ ቤቶች የማማ ሰዓት የሚያንቀሳቅሱት በእሱ ዘዴ የተሠሩ የአየር መሣሪያዎች ነበሩ። የፊላደልፊያው ሰዓት ፊት ስፋቱ 8 ሜትር ያህል ነው። በ1904 በሴንት ሉዊስ በተደረገው የዓለም ትርኢት ላይ ደግሞ ፊቱ በአበባ የተተከለና 34 ሜትር ስፋት ያለው ሰዓት ከድርጅቱ ቀርቧል።

በሽቦ አልባ ቴሌግራፍም ገብቶ ነበር። በ1900 ከሚልዋኪ ሥራው ጋር በተያያዘው የአሜሪካ ሽቦ አልባ ቴሌግራፍ ኩባንያ ውስጥ ሊ ዲ ፎረስት የሚባል ወጣት ተቀጥሮ ይሠራ ነበር። ወጣቱ በራሱ የሠራውን የሞገድ መቀበያ ለድርጅቱ አልሰጥም በማለቱ ከሥራ ተሰናበተ። ዲ ፎረስት በኋላ ኦዲዮን የተባለውን የሬዲዮ ቱቦ የፈጠረ ታላቅ ሰው ሆኗል። በሽቦ አልባው መስክ የጆንሰን ስም ብዙም ሳይነሣ ቀረ።

ከዚያ በእንፋሎት የሚሄድ መኪና ሠራ፤ የጭነት መኪናዎቹ በሚልዋኪ ፖስታ ሲያመላልሱ ነበር። ቤንዚን ግን እንፋሎትን አሸነፈው። አንድ ሰው በአንድ ጊዜ ማሞቂያም፣ ሰዓትም፣ ሬዲዮም፣ መኪናም ሲሠራ ባለአክሲዮኖቹ ምን ያህል እንደሚጨነቁ መገመት አይከብድም።

ሞቱና የኩባንያው ዕጣ

ጆንሰን በዲሴምበር 5 ቀን 1911 በካሊፎርኒያ፣ በሎስ አንጀለስ ከተማ በ64 ዓመቱ አረፈ። በተከታዩ ዓመት ሃሪ ኤሊስ ፕሬዚዳንት ሲሆን፣ ድርጅቱ ሌሎቹን ሥራዎች ትቶ በአንዱ፣ ማለትም በሕንፃ ሙቀት ቁጥጥር ላይ ብቻ አተኮረ። እሱም ቢሆን ለትምህርት ቤት፣ ለሆስፒታልና ለቢሮ እንጂ ለመኖሪያ ቤት አልነበረም። በ1974 ስሙ ጆንሰን ኮንትሮልስ ሆነ።

ከሕንፃ ወደ መኖሪያ ቤት

ጆንሰን የተወውን የመኖሪያ ቤት ጎን የያዙት ሌሎች ናቸው። በዚያው በ1885 በሚኒያፖሊስ ከተማ አልበርት ባትስ ቤቱ ሲቀዘቅዝ የምድጃውን የአየር ክዳን በራሱ የሚያነሣ መሣሪያ ይዞ ሥራ ጀመረ፤ ይህ ድርጅት ከዛሬው ሃኒዌል ኩባንያ መነሻዎች አንዱ ነው። የባትስ መሣሪያ ለመላው ቤት አንድ ቴርሞስታት ብቻ ነበረው። በየራዲያተሩ የሚገባውን ትንሽ ቴርሞስታት በ1943 የፈጠረው ደግሞ ዴንማርካዊው ማድስ ክላውሰን (1905–1966) ነው። ክላውሰን ዳንፎስ የተባለውን ኩባንያ በ1933 የጀመረው አልስ በተባለች ደሴት፣ በወላጆቹ የእርሻ ቤት ውስጥ ነበር። የእሱ ቫልቭ ሽቦም የአየር ቱቦም አይፈልግም፤ በራሱ ጭንቅላት ውስጥ ያለው የታሸገ ነገር ሲሞቅ ተስፋፍቶ ቫልቩን ይገፋል። ልኬቱና ድርጊቱ በአንድ እፍኝ የሚያዝ ዕቃ ውስጥ ገቡ።

ዛሬ በሚኒሶታ፣ በጀርመን ወይም በስዊድን ቤት የተከራየ ኢትዮጵያዊ የሚያገኘው የእነዚህን ሰዎች ሥራ ቅልቅል ነው፤ ብዙ ጊዜም አንዱ ክፍል ሲያፍን ሌላው ይበርደዋል። ምክንያቱ ከጆንሰን ዘመን አልተለወጠም። ሙቁ ውኃ በቀለለው መንገድ ይሄዳል፤ ለቦይለሩ ቅርብ የሆነው ራዲያተር ብዙ ይወስዳል፣ የመጨረሻው ትርፍራፊ ይደርሰዋል። ቴርሞስታት ያለው ቫልቭ ቅርቡ ክፍል ሲጠግብ ይዘጋል እንጂ፣ ውኃ ወዳልደረሰበት ራዲያተር ሙቀት አያመጣም። ስለዚህ መጀመሪያ ማመጣጠን ያስፈልጋል። ቫልቮቹ ሁሉ ተከፍተው ቦይለሩ ከቀዝቃዛ ይነሣል፤ የትኛው ራዲያተር ቀድሞ እንደሚሞቅ ይታያል፤ ከዚያ ቀድመው በሞቁት ራዲያተሮች ሌላኛው ጫፍ ላይ ያለው፣ ብዙ ጊዜ በክዳን የሚሸፈነው ቫልቭ በመፍቻ ጥቂት ጥቂት እየተጠበበ ሩቁ ድርሻውን እንዲያገኝ ይደረጋል። ባለሙያ በመግቢያውና በመውጫው ቱቦ መካከል ያለውን የሙቀት ልዩነት እየለካ ይሠራዋል፤ ልዩነቱ በየራዲያተሩ ተቀራራቢ ሲሆን ቤቱ ተመጣጥኗል ማለት ነው።

ከዚያ በኋላ በቴርሞስታቱ ጭንቅላት ላይ የተጻፉት ከ1 እስከ 5 ያሉ ቁጥሮች ትርጉም ይኖራቸዋል። ቁጥሮቹ የፍጥነት ሳይሆኑ የመድረሻ ሙቀት ናቸው። 3 ላይ ማድረግ ብዙ ጊዜ ክፍሉን ወደ 20 ዲግሪ ያደርሰዋል፤ 5 ላይ ማድረግ ክፍሉን ቶሎ አያሞቀውም፣ ከሚፈለገው በላይ እስኪያፍን ድረስ አያቆምም እንጂ። መጋረጃ ከሸፈነው ቫልቩ የሚለካው ከመጋረጃው ጀርባ የታፈነውን አየር ስለሆነ ክፍሉ ሳይሞቅ ይዘጋል። ሌላው የተለመደ ስሕተት የግድግዳው ዋና ቴርሞስታት ባለበት ክፍል ራዲያተሩ ላይም ቴርሞስታት ያለው ቫልቭ መግጠም ነው። ቫልቩ ቀድሞ ከዘጋ የግድግዳው መሣሪያ ቤቱ ገና ብርድ ነው ብሎ ቦይለሩን ያለማቋረጥ ያነዳል፤ ሌላኛው ቀድሞ ካጠፋ ደግሞ ሌሎቹ ክፍሎች ሳይሞቁ ይቀራሉ። በዚያ ክፍል ቫልቩ ሙሉ በሙሉ ክፍት መሆን አለበት።

በኢትዮጵያ ማዕከላዊ ማሞቂያ ያለው መኖሪያ ቤት ብርቅ ነው። የቴርሞስታት አሠራር በቅርብ የሚታየው በፍሪጅ፣ በካውያና በዶሮ እርባታዎች የጫጩት መፈልፈያ ውስጥ ነው። መፈልፈያው ለ21 ቀናት ከ37 እስከ 38 ዲግሪ ባለው ጠባብ ክልል መቆየት አለበት፤ ድሬበል ከጆንሰን 250 ዓመታት ያህል ቀደም ብሎ የደከመበትም ይኸው ነበር።